የአባቴ ስግደትና የእኔ ጡንቻ

ጎንደር ውስጥ ከቀሐ እስከ ፒያሳ ባለው መንገድ ላይ ስለ ጡንቻ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ሙሉ አካልን በአንድ ቀን ማሠራት ጡንቻ ያወጣል ወይስ አያወጣም የሚለውን ጥያቄ ሌላው ሰው ከስልኩ ላይ ሲያነበው፣ እኔ በገዛ ጭኔ፣ በገዛ ጀርባዬ፣ በገዛ ግንባሬ መርምሬዋለሁ። ክርክሩን የምቀበለው ግን ቁጭ ብዬ ነው። ስንጨርስም አንድ ሰው ክንዴን ይዞ እንዲያነሣኝ ከወዲሁ እለምናለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጫለሁ። «ሠርቻለሁ» ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን ተቀምጫለሁ ነው። ፋይሉ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለበት ባለጉዳይ ሲመጣ «ነገ ተመለስ» የምለው በክፋት አይደለም፤ መሰላሉን ፈርቼ ነው። ከወንበሬ ጋር ከመላመዳችን የተነሣ እግሩ የላላ ቀን እኔን ወገቤን ያመኛል። እንዲህ ያለ ሰው ከጡንቻ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ያገናኙኝ አባቴ ናቸው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ወገራ ደጋ ላይ ባለች አንዲት ደብር ሃምሳ ዓመት ዜማ አስተምረዋል፤ አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፣ እኔም ጭምር። ዘንድሮ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ማለዳ ሲወጡ ውርጭ የያዘው ድንጋይ አንሸራተታቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። ጎንደር አምጥተን አሳከምናቸው፤ ከዚያ በኋላ እኛ ቤት ሆኑ። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው ጣቱን ቀስሮ «አባት፣ መንበርከክ የለም። መስገድ የለም። ይህ አጥንት ዳግመኛ ከተሰበረ ከአልጋ አይነሡም» አላቸው። አባቴ የሐኪሙን ጣት አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ምግብ እምቢ አላቸው። ባለቤቴ ዘውዴ ሽሮውንም፣ ሱፍ ፍትፍቱንም፣ ምስሩንም እያፈራረቀች ብታቀርብ ቀምሰው ይመልሳሉ። በሦስተኛው ቀን ከአጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«ምነው የኔታ? አጥንቱ ነው?»

«አጥንቱስ ሸጋ ነው።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ስቅለት ይመጣል» አሉ። «ከሰባት ዓመቴ ወዲህ ያችን ዓርብ ተቀምጨ ውዬ አላውቅም። በችጋሩም ሰግጃለሁ። ወባ ይዞኝም ሰግጃለሁ። እናትህ በሞተች ዓመትም ሰግጃለሁ። ዘንድሮ እንደ እንግዳ ወንበር ተሰጥቶኝ ልመለከት ነው።»

ሰው ሁሉ አስቦ ይናገራል ይባላል። እኔ ቤት ግን ንግግር ሐሳብን ቀድሞ በር ላይ ይቆማል። «እኔ እሰግድልዎታለሁ» አልሁ።

ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ?»

«አዎን።»

«አምና ወገራ መጥተህ፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጥድ ሥር ተቀምጠህ፣ ጫማህን አውልቀህ እግርህን ስታሽ ያየሁህ አንተ?»

«ጠጠር ገብቶብኝ ነበር።»

«ጠጠሩ እስከ ሠርክ አልወጣም።»

የንስሐ አባታችንን አማከርናቸው። እሳቸውም «ስግደት እንደ ጆንያ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አይዞርም። ነገር ግን የልጅ ላብ ለአባት መጽናኛ ነው፤ ይስገድ» አሉ። አባቴ ይህን ከሰሙ በኋላ ውሉን አስቀመጡ።

«ከሕዝቡ ጋር የራስህን ትሰግዳለህ። ሕዝቡ ሲያርፍ ያንኑ ያህል የእኔን ትሰግዳለህ። እኔ ፊት ለፊትህ ተቀምጨ በመቁጠሪያዬ እቆጥራለሁ። ከሞላህልኝ ሐኪሙ እንዳለው እቀመጣለሁ። የጎደለውን ግን፣ አንድም ይሁን መቶ፣ ከወንበሩ ወርጄ እኔው እሞላዋለሁ።»

«የኔታ፣ አጥንቱ ...»

«አጥንቱ የእኔ ነው» አሉ።

አባቴ ያሉትን ያደርጋሉ። ክፉ ልማድ ነው፤ ከእሳቸው በቀር በዘራችን ማንም የለበትም። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቴ ዳሌ በእኔ ጭን ላይ ተንጠለጠለ።

ዘውዴ ይህን ስትሰማ ጆንያ እየሰፋች ነበር። ከማክሰኝት ገበያ እህል እያመጣች የምትሸጥ ሴት ናት።

«ስንት ቀን ቀረህ?» አለችኝ።

«ሃምሳ ቀን ገደማ።»

«ለአንተ ሃምሳ ቀን የጫማህን ማሰሪያ ጎንበስ ብለህ ለማሰር ነው የሚበቃህ» ብላ በወስፌዋ መስፋቷን ቀጠለች።

በማግሥቱ ጂም ሄድሁ። ፒያሳ አካባቢ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። አሰልጣኙ ጌታነህ ይባላል፤ ብዙ ዘመን ወታደር ሲያሠለጥን የኖረ፣ ድምፁ ከሚያነሣው ብረት የሚከብድ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ምን ማውጣት ፈልገው ነው?»

«ስግደት።»

ጌታነህ ደረት፣ ክንድ፣ ትከሻ የሚል ሰው ለምዷል፤ ቦርጭ ማጥፋት የሚልም አይጠፋም። ስግደት ያለው የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ቢቸግረው «እስቲ አንድ ይስገዱልኝ» አለ። ምንጣፉ ላይ ወረድሁ። መውረዱ ያማረ ነበር። ለመነሣት ስጣጣር ጌታነህ ወደ ሌላ ሰው ሄዶ፣ ሥራውን አሳይቶት፣ ሲመለስ ገና በአንድ ጉልበቴ ላይ ነበርሁ።

«ይሄ ጭን ነው፣ ጀርባ ነው፣ ሆድ ነው፣ ክንድ ነው» አለ እየዞረኝ። «ለእርስዎ ሙሉ አካል ነው የሚሻለው፣ ጋሼ። በሳምንት ሦስት ቀን ሁሉንም እናሠራለን። በመካከሉ ዕረፍት።»

«አትስማው» አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

ዞር ስል ሙሉቀን ነው። ሙሉቀን ልብስ ሰፊ ነው፤ ከተማሪ ቤት ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ብረት ያነሣል። እሱ የክፍፍል ሰው ነው፦ ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ጀርባ፣ ረቡዕ ትከሻ፣ ሐሙስ ክንድ፣ ዓርብ እግር። ዓርብ ግን የሠርግ ልብስ የሚያስረክብበት ቀን ስለሆነ እግሩ አራት ዓመት ሙሉ ተራ ሳይደርሰው ቀርቷል። ከወገቡ በላይ በሬ ነው፤ ከወገቡ በታች ፍየል።

ጎንደር የትርጓሜ አገር ናት። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ሊቃውንት በአንዲት ቃል ፍቺ ሲከራከሩ ዘመን ያለፈባት ከተማ ናት። ጂሙም እንዲሁ በሁለት ቤት ተከፍሎ ቆየኝ። ሙሉቀን እንዲህ ብሎ ተነሣ፦ «አንዱን ጡንቻ በአንድ ቀን አድክመህ ካልጣልኸው አያድግም። ሁሉን በጥቂት በጥቂቱ መነካካት ከየወጡ አንዳንድ ጉርሻ ቀምሶ እንደ መሄድ ነው። መች ትጠግባለህ?»

ጌታነህ መለሰ፦ «በሳምንት ሦስት ቀን የሚበላና በሳምንት አንድ ቀን እስኪያስታውከው የሚበላ ሰው፣ ማን ይወፍራል?»

ሙሉቀን ደረቱን ነፋ። እሱ ዘንድ ይህም መልስ ነው።

እኔ ወደ ሙሉ አካል ቤት ገባሁ። ቁጭ ብድግ አለ፤ በልጅነቴ መምህሬ በቅጣት ያሠሩኝ የነበረ፣ ዛሬ ለምኜ የምሠራው ነገር። መሬት ላይ ተደፍቶ በክንድ መነሣት አለ። ብረት መጎተት አለ። መንጠልጠል አለ፤ ይህን የመጀመሪያ ቀን ስሞክር ጌታነህ «ይጀምሩ እንጂ ጋሼ» ሲለኝ፣ ጨርሼ ነበር። ፕሮቲን ብላ ይሉኛል። በጾም ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፤ ያለው ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ነው። ከሽሮ የወጣ ጡንቻ ትንሽ ከተጨነቀ ይንተከተካል።

ሆኖም በእውነት መስክር ከተባልሁ፣ ሙሉ አካል ይሠራል። በሦስተኛው ሳምንት መዝገብ ቤት ውስጥ መሰላሉን ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይ ለዓመታት ሲመላለሱበት የነበረውን ፋይል ከላይኛው መደርደሪያ አውርጄ ስሰጣቸው አቧራውን እፍ ብለው፣ አይተው፣ «ለካ አለ» አሉና ሳይከፍቱት ተቀመጡ። በአምስተኛው ሳምንት ሙሉቀን ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ክንዴን ለካ። የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ጨምሯል። ደግሞ ለካው። ከዚያ «ሜትሩ አርጅቷል» አለ።

በሆሳዕና ዕለት ባጃጁ አቀበቱን አልወጣ ብሎ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች አወረደን። አባቴ ክራንቻቸውን ይዘው ደረጃውን ሽቅብ አዩት። ጎንበስ አልሁላቸው። አንገቴን ያዙ፤ ተነሣሁ። ስልሳውን ደረጃ አንድ ጊዜ ብቻ ቆሜ ወጣሁት። የቆምሁትም ደክሞኝ አልነበረም። ክብደታቸው የደረቀ ሣር እስር ያህል ሆኖብኝ ነው። እኔ እንደምታውቁት ስናገር ትንሽ ጨመር ማድረግ አይቸግረኝም፤ እዚህ ላይ ግን የጨመርሁት የለም። ያ ከበሮ አንግቶ ሲያሸበሽብ መሬቱን ያንቀጠቅጥ የነበረ ሰው፣ ጀርባዬ ላይ ትንፋሹ ብቻ ነበር የሚሰማኝ።

«ጀርባህ ደንድኗል» አሉኝ በጆሮዬ።

ከአባቴ የሰማሁት ሁለተኛው ምስጋና ነው። የመጀመሪያውን አላስታውሰውም፤ አንድ ሳይኖር አይቀርም ብዬ ነው።

ሰው እንዲህ ሲመሰገን መጠንቀቅ ይገባው ነበር። የሰሞነ ሕማማት ዋዜማ ጌታነህ ጠርቶ መክሮኛል። «ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይዎት፣ ጋሼ። ጡንቻ ሲያነሡ አይደለም የሚያድገው፤ ሲያርፉ ነው። የሰኞ የማክሰኞው ስግደት ያፍታታዎታል። ዓርብ ትኩስ ሆነው ይገባሉ።» እሺ አልሁ። ሰኞ ሰገድሁ፤ ምንም። ማክሰኞ ሰገድሁ፤ ላብም አልወጣኝ። ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ጂም የረሳሁትን ፎጣ ላምጣ ብዬ ጎራ አልሁ። ፎጣ ብቻ።

ጌታነህ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የለም። ሙሉቀን ብቻውን ክንዱን ለመስተዋቱ ያሳያል። ሕማማት ስለሆነ አልተጨባበጥንም፤ ከሩቅ ራሳችንን ነቀነቅን።

«የኔታን ተሸክመህ ወጣህ አሉ» አለኝ።

«ወጣሁ።»

«አይ፣ መልካም ነው። ግን ሽማግሌ መሸከም ጡንቻ አይባልም እኮ። የኔታ ስንት ኪሎ ናቸው? ጋቢያቸውም ተጨምሮ።»

ፎጣዬን ይዤ ወደ በሩ ሄድሁ። ከበሩ ተመለስሁ። ምን መለሰህ አትበሉኝ፤ ራሴን ጠይቄው አልነገረኝም።

«ቁጭ ብድግ እንግጠም» አልሁት።

አደራ የተሸከመ ሰው ሸክሙን ሳያወርድ ሲታገል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ቀን የአባቴን ዳሌ አንጠልጥዬ፣ ብረት ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ቁጭ ብድግ አልሁ። ሙሉቀን በመቶ አርባኛው ላይ የፍየል እግሮቹ ከዱት፤ በቂጡ ቁጭ አለ። እኔ ሁለት መቶ ሞላሁ። ሌላው አካሌ እንዳይከፋው ብዬ የክንዱንም፣ የጀርባውንም፣ የሆዱንም ጨመርሁ፤ ሙሉ አካል ነዋ። ሙሉቀን ተሸናፊነቱን አምኖ እጁን ሊዘረጋልኝ ሲል ሕማማት መሆኑ ትዝ አለውና መለሰው። ድሌ ሳይጨበጥ ቀረ።

ሐሙስ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ጭኔ ውስጥ የሆነ ሰው ገብቶ ጅማቱን እየገመደ ነበር። ቀን ጸሎተ ሐሙስ ነው፤ ካህናቱ የምእመኑን እግር ያጥባሉ። ተራዬ ደረሰ። ቄሱ ገበቴውን አቅርበው፣ ውኃውን ይዘው፣ እግሬን ይጠብቃሉ። እግሬ አይነሣም። አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤታችን አያ ታረቀኝ የሱሪዬን ጫፍ ይዘው እንደ ጠላ እንስራ ቀስ አድርገው አንሥተው ገበቴው ውስጥ አስቀመጡልኝ።

«ታመሃል ልጄ?» አሉ ቄሱ።

«ስፖርት ነው፣ አባ።»

«ስፖርት ደግሞ ምን ያለ ደዌ ነው?» አሉ በዝግታ፣ ጣቶቼን እያጠቡ። «ይማርህ።»

ማታ አባቴ መቁጠሪያቸውን በጨርቅ ሲወለውሉ «ተዘጋጅተሃል?» አሉኝ። «ተዘጋጅቻለሁ» አልሁ። በዚያ ሳምንት ከሠራሁት ኃጢአት ሁሉ ይህ ይከብደኛል፤ ዐይናቸውን እያየሁ ነው ያልሁት።

ዓርብ የሆነውን እንደ አገሬ ሊቃውንት ልተርጉመው። የታመመው ጭን ነው። አንድም ባት ነው። አንድም ወገብ ነው። አንድም ክንድ ነው። አንድም፣ ሰው እንዳለው የማያውቀው፣ ከጎን አጥንት ሥር ያለ ስሙ ያልታወቀ ነገር ነው። የጡንቻ ሕመም ለሁለተኛው ቀን እንደሚጠና ጌታነህ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ለሰነፍ ሰው የተነገረ መስሎኝ ነበር።

ግቢው ጥቁር በለበሰ ሰው ሞልቷል። አባቴ በወንዶች በኩል ከአጥሩ ጥግ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ክራንቻቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ፤ መቁጠሪያውን ያዙ። እኔ ፊታቸው ቆምሁ። አያ ታረቀኝ በቀኜ ናቸው። ከሳቸው ቀጥሎ ሙሉቀን ቆሟል። ተያየን። ፊቱ የእኔን ይመስል ነበር። ሁለታችንም ዐይናችንን ወደ መሬት መለስን።

ኪርያላይሶን ተባለ፤ ወረድን። መውረዱ ምንም አይደለም፤ ሰው ለመውደቅ ተፈጥሯል። ስነሣ ግን እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ደግሞ ወረድሁ። ደግሞ ስነሣ ጮክ ብዬ «ኦ አምላኬ» አልሁ፤ ከልቤ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ከልቤ ጠርቼው አላውቅም።

«እንዲህ ነው እንጅ» አሉ አያ ታረቀኝ ለኋላቸው ሰው። «የኔታ ሸጋ ልጅ ወለዱ።»

ሦስት ሰዓት ላይ ማጭበርበር ጀመርሁ። ወገቤን ሰበር አደርግና ግንባሬን ከመሬቱ አንድ ስንዝር ላይ አቁሜ እመለሳለሁ። ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ማን ያየኛል ብዬ ነበር። ክራንቻው መሬቱን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገ።

«ግንባር» አሉ አባቴ።

ደግሞ ሰበር ብዬ ተመለስሁ።

«ሰባት ጎደለ» አሉ በሹክሹክታ።

ንባቡ ሲነበብ ሕዝቡ ተቀመጠ። እኔ የአባቴን ድርሻ ጀመርሁ። አሥር ሰግጄ የወንበራቸውን እግር ይዤ እነሣለሁ፤ አሥር ሰግጄ እቆማለሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። የጎደለው ሃያ ስድስት ደርሷል። አባቴ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ ታጠቁት። ከዚያ ጎንበስ አሉና ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ፣ ጫማቸውን አወለቁ።

«የኔታ፣ እባክዎን» አልሁ።

«ስገድ።»

«ሐኪሙ ያለውን ...»

«ሰምቻለሁ። ስገድ።»

ሰገድሁ። ያለ ማጋነን፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ የሰገድሁት ስግደት ጡንቻ አልነበረውም። ጡንቻው ረቡዕ ዕለት ጂም ውስጥ አልቋል፤ የጎደለውም ይጨምር ነበር። የማየው የአባቴን ባዶ እግር ብቻ ነው፤ ቀጭን፣ ሰንጣቃ፣ ጣቶቹ መሬቱን የሚፈልጉ የሚመስሉ። ስወርድ ግንባሬ ከዚያ እግር አጠገብ መሬት ይነካል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሊወርዱ መስሎኝ ጉልበታቸውን በእጄ ይዤ ወደ ወንበሩ ገፋሁት። እጄን አነሡልኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ያችን ሰዓት የምታውቁ ታውቋታላችሁ። ግቢው ጸጥ ይላል፤ ወፉም፣ ሕፃኑም። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ወደ መሬት ወረደ። እኔም ወረድሁ። ረቡዕና ሐሙስ ሕመሙ ዐይኔን አላስከደነኝም ነበር፤ ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመስሁም። ግንባሬ መሬቱን ሲነካ አፈሩ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ከሰው ነው የሰማሁት።

ቀና ስል መጀመሪያ ያየሁት ወንበሩን ነው። ባዶ ነው። ክራንቻው መሬት ላይ ወድቋል። ሐኪሙ የቀሰራት ጣት ፊቴ ላይ መጣችብኝ። ለመጮህ አፌን ስከፍት ከጎኔ «ስልሳ ዘጠኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አባቴ ቆመዋል። አንድ እጃቸው አጥሩን፣ አንድ እጃቸው የሙሉቀንን ትከሻ ይዟል፤ መቁጠሪያው በጣታቸው መካከል ይሄዳል። ከፊታቸው ዘውዴ ትሰግዳለች። ከሴቶች በኩል ተነሥታ፣ የወንዶቹን ሰልፍ አቋርጣ፣ አባቴ ወንበሩን ለቀው ሊንበረከኩ አንድ እጃቸውን መሬት ሲያስነኩ ደርሳ፣ በብብታቸው ገብታ እንዳነሣቻቸው ሙሉቀን ኋላ ነገረኝ። «አባባ፣ የጎደለው ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች። «ሰባ ሁለት» አሏት። «ይቀመጡና ይቁጠሩልኝ» አለች። አባቴ ግን «ለእኔ የሚሰግድ ቆሞ ሳለ እኔ ተቀምጨ አልቆጥርም» ብለው፣ ሙሉቀንን ጠርተው ቆሙ።

ስትወርድ ግንባሯ መሬት ይነካል፤ ስትነሣ የምትይዘው ነገር የለም። ጆንያ ከመኪና ስታወርድ እንደምትተነፍሰው፣ በአፍንጫዋ ብቻ ትተነፍሳለች። ሰባ፤ ሰባ አንድ፤ ሰባ ሁለት።

«ሞልቷል» አሉ አባቴ፤ ሙሉቀን ደግፎ አስቀመጣቸው። ጫማቸውን አነሣሁና ተንበርክኬ አጠለቅሁላቸው። ተንበርክኬ ስል፣ ቀድሞውንም አልተነሣሁም ነበር።

በሠርክ ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ምእመኑን ሊቸበችቡና ስግደት ሊያዝዙ ዞሩ። እኔ ጋ ሲደርሱ አያ ታረቀኝ ቀደሙኝ። «አባ፣ ይኼንን ይተውት» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከደረቱ የወጣው ልቅሶ የሁላችንንም አንጀት በልቷል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሲቃ አልሰማሁም። ከኋላችን ያሉት ሁሉ አብረውት አለቀሱ።» ቄሱ በርኅራኄ አዩኝ፤ ወይራውን ትከሻዬ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ቅቤ፣ አሳረፉት። ዘውዴን ደግሞ «አንችስ ልጄ፣ ምን አጠፋሽ?» አሏት። «ባሌን በልቤ ሰደብሁት» አለች። አርባ ስግደት ተጨመረባት። ሰገደችው።

ቤት ገብተን ጉልባኑ ቀረበ። አባቴ በዐቢይ ጾም ለመጀመሪያ ጊዜ እስከሚጠግቡ በሉ። እኔ ዘውዴን ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቅኋት።

«የኔታ ሊወርዱ መሆኑን ከሴቶች በኩል ሆነሽ እንዴት አየሽ?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ምን አመጣሽ?»

ባቄላዋን አኝካ እስክትጨርስ ጠበቅሁ።

«አያ ታረቀኝ ልቅሶ ነው ያሉትን ድምፅ» አለች፣ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአጠገብህ ስተኛ የማላውቀው መሰለህ?»

አባቴ ከሳህናቸው ቀና ሳይሉ «ብላ» አሉኝ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ጌታነህ ነገሩን ሰምቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ረቡዕ ምን አደረጉ?» ነገርሁት። ለረጅም ጊዜ ራሱን ያዘ። እናንተም ከጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸው ነው፦ ሙሉ አካልን በሳምንት ሦስት ቀን፣ በዕረፍት፣ በትዕግሥት የሠራ ሰው ጡንቻ ያወጣል። ሙሉቀንም አሁን ተራው ሳይደርሰው የቀረውን እግሩን ማሠራት ጀምሯል። አባቴ በክራንቻ ወገራ ተመልሰዋል፤ ዳሌያቸው ሸጋ ነው።

አያ ታረቀኝ ግን ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ። «በጸሎትህ አስበኝ» ይሉኛል። እኔም «እሺ፣ አያ» እላቸዋለሁ። ስንት ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ፊት ለፊት የምነግርበት ወኔ ስለሌለኝ እዚህ ልጻፈው፦ አላለቀስሁም። በስቅለት ዕለት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ አባቴ እግር ሥር ተደፍቼ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ የሰማችሁት ሁሉ ማንኮራፋቴ ነው።